በሰርቨሩ ውስጥ የቀሩት አሥራ አራት ገጾች

ሰርቨር ያስገባሁት ታይፒስቶቼን ስላላመንኳቸው ነው። ያኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለሥራ ቅልጥፍና ነው» እል ነበር፤ አሁን ማንም ስለማይጠይቀኝ እውነቱን መጻፍ እችላለሁ።

ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተኩል ተከራይቼ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የትርጉም ሥራ ከፍቼ ነበር። ከዚያ በፊት ልባሽ ጨርቅ ሸጫለሁ፣ የመኪና ጎማ ሸጫለሁ፣ አንድ ክረምት ጃንጥላ በብዛት ባስመጣ ዝናቡ የሰማ ይመስል ቀረብኝ። ኮምፒውተርም ለእኔ እንደ ጎማ ነበር፤ ሰው ይፈልገዋል፣ እኔ አቀርባለሁ፣ ውስጡ ያለው አየር ይሁን ሌላ አይመለከተኝም። ዊንዶውስ የተጫነባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ታይፒስቶችና አንድ እኔ ነበርን።

ጣጣው ፍሎፒ ነው። ታይፒስቶቹ የደንበኛን ሥራ በፍሎፒ እየገለበጡ ይወጣሉ፤ በእኔ በር የገባ ደንበኛ በሌላ በር ታትሞለት ይሄዳል። ሁለቱም «ኧረ እኛ አናውቅም» ይሉኛል። መርካቶ ያደገ ሰው «አናውቅም» ሲባል ትርጉም ቤት መሄድ አያስፈልገውም።

በዚህ መሐል አንድ ወጣት መሐንዲስ ተዋወቅሁ። ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ኮምፒውተር ይጠግናል። ብሶቴን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ያን ጥግ ላይ የተጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ይስጡኝ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭኜበት ሰርቨር አደርገዋለሁ። ሥራው ሁሉ እሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፕሪንተሩም ከሱ ጋር ይያያዛል፤ ሦስቱ ዊንዶውሶች በኬብል ከሱ ይወስዳሉ፣ ለሱ ይሰጣሉ። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው» አለኝ።

«ዋጋው?»

«ሊኑክስ በነጻ ነው።»

በነጻ የሚባል ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል፤ ከኋላው ምን እንዳለ ለማየት ግን አንገቴም ይዞራል። ምንም አላየሁም። እሺ አልኩ። ሊኑክሱን ከዊንዶውሶቹ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ሳምባ እንደሚባል ሲነግረን፣ ታላቋ ታይፒስት «እንግዲህ ጋሼ አጠገቡ ሲጋራ አያጭሱ» አለችኝ። ምላሷ እንደ ጣቷ ፈጣን ነበር።

ሲጨርስ አንድ ነገር ለመነኝ። «ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳል። ትቀየር።»

«ሰዓት እኔ እጅ ላይ አለ። እሱ ምን ያደርግለታል?»

«ቀኑን ካላወቀ የትኛው ፋይል አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ አይለይም። ሁሉም ይደባለቃል።»

ባትሪዋን ግን አልገዛሁም። እሱም ጠባዬን ያውቃልና አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፈልኝ። ሰርቨሩ ሲነሣ የይለፍ ቃሌን ይጠይቃል፤ ከዚያ በፈረንጅ ፊደል ግን በአማርኛ «ወር» ይላል፣ እሞላለሁ፤ «ቀን» ይላል፣ እሞላለሁ፤ ዓመትና ሰዓት ጠይቆ ሲጨርስ ፋይሉንም ፕሪንተሩንም ለሦስቱ ኮምፒውተሮች ይከፍታል። በትክክል ሳይሞላለት አይከፍትም። በአማርኛ ያደረገልኝ እንዳልቸገር ብሎ ነው፤ የዋህ ልጅ ነበር።

ማታ ሱቅ ስዘጋ ቆጣሪ ሳላወርድ ወጥቼ አላውቅም። መርካቶ የአንድ ሰው ኤሌክትሪክ ምድጃ ስንቱን ሱቅ ይዞ እንደሚሄድ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰርቨሩ በየማታው ቀኑን ይረሳል፤ እኔ በየጠዋቱ አስታውሰዋለሁ። ቆርቆሮውን በር ወደ ላይ እገፋለሁ፣ ቆጣሪውን እሰቅላለሁ፣ ታይፒስቶቹ እንዳያዩ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀኑን እነግረዋለሁ። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ተተከለ፤ ከግንቦት አንድ ጀምሮ አንድ ቀን አልተጣላንም። ሌላው ቀርቶ በዊንዶውሶቹ ላይ የፋይሎቹ ዝርዝር ሲከፈት ቀኑ በኛ አቆጣጠር፣ በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ይታያል። ደንበኛ እየጠራሁ፣ «አየህ? ፈረንጅ የሠራው ዕቃ እንኳ እኔ ቤት ሲገባ ልክ ይገባል» እል ነበር።

ፍሎፒም ከለከልኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ አጠፋሁ። በሐምሌ መሐንዲሱ ደቡብ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮት ሄደ። ስሸኘው «ባትሪዋን…» አለኝ። «እሺ እሺ» አልኩት።

አንድ የወሎ ሰውዬ ይግባኝ ሊያጽፉ የመጡት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የጭነት መጋዘን ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። አንድ ሣጥን ዕቃ ጠፋ ተባለ፤ ተረኛው እሳቸው ነበሩ ተባለ፤ ከሥራ ተሰናበቱ። ይግባኝ ለማስገባት የተሰጣቸው ጊዜ ጳጉሜ አንድ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ስድስት ልጆች አሏቸው። ይኼን ያወቅሁት ማመልከቻው ላይ ተጽፎ ስላየሁ እንጂ አፍ አውጥተው ሲያወሩት ሰምቼ አይደለም።

ቀስ ብለው ነበር የሚያጽፉት። በየቀኑ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ አንድ ገጽ ይላሉ፤ ይነበብልኝ ይላሉ፤ አንዲት ቃል ትወጣለች፣ አንዲት ትገባለች። ታላቋ ታይፒስት፣ በሌላ ደንበኛ ላይ እሳት የምትተፋዋ ልጅ፣ ለእሳቸው «እሺ አባባ» ትላለች።

አንድ ቀን ትልቅ የመረካከቢያ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ሣጥኑ የጠፋበት ሳምንት በማን እጅ ምን እንደገባና እንደወጣ፣ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ የፈረመው ሰው፣ ሁሉም አለበት። ንጹሕ መሆናቸው እዚያ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼማ ፎቶ ኮፒ ይነሣ!» አልኩ።

«አይሆንም። መዝገብ ቤት ያለው ወዳጄ ቃል አስገብቶኛል፤ ኮፒ አይነሣም ብሎኛል። በዐይንህ ብቻ እይ ብሎ ነው ለአንድ ቀን ያወጣልኝ።»

«ማን ያያል ጋሼ?»

ቀጥ ብለው አዩኝ። እንዲያ የሚያይ ሰው ፊት ንግግር ማርዘም ኪሳራ ነው።

«እሺ፤ ጣትስ ከልክሏል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ስለ ጣት አላነሣም» አሉና ሣቁ። ታይፒስቷ ቁጥሮቹን በሙሉ ጻፈች፤ አምስት ገጽ ሰንጠረዥ ሆነ። መዝገቡ በማግሥቱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ቁጥሮቹ ከዚያ በኋላ ከእኔ ሰርቨር በቀር የትም አልነበሩም። ታይፒስቷ በአንድ ፍሎፒ ደብቃ አስቀርታቸው ነበር፤ ያን ፍሎፒ ከመሳቢያዋ አግኝቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ለአባባ ብዬ ነው» ብላ ምላለች። እኔ ደግሞ ስንት አባባ እንዳላቸው አውቃለሁ ብዬ አላመንኳትም።

ቅዳሜ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ የመጨረሻው ገጽ አለቀ። ጠቅላላ አሥራ አራት ገጽ። ታይፒስቷ «ይታተም?» ስትል እኔ በሩን ግማሽ አውርጄ ቆጣሪው ሥር ቆሜ ነበር።

«ሰኞ ጠዋት ይድረስ» አልኩ። «ጋሼም በንጹሕ ዐይን አንድ ጊዜ ያነቡታል።»

«ሰኞ እኮ የመጨረሻዋ ቀን ናት» አለች።

«እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አይደል? ሁለት ሰዓት ላይ እንከፍታለን።» ቆጣሪውን አወረድኩ።

ሰኞ ጳጉሜ አንድ ዝናብ ያካፋል። በሩን ከፈትኩ፣ ቆጣሪ ሰቀልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የይለፍ ቃሌን ተቀበለ። «ወር» አለ። አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

«ወር» አለ።

አሥራ ሦስት።

«ወር» አለ።

ያልሰማኝ መስሎኝ ቁልፎቹን ጠበቅ አድርጌ መታሁ። «ወር።» ኪቦርዱን ነቅዬ ገለበጥኩት፤ የዳቦ ፍርፋሪና አንድ የጥፍር ቁራጭ ወደቀ። መልሼ ሰካሁት። «ወር።» የሌላ ኮምፒውተር ኪቦርድ አምጥቼ ሰካሁ። እሱም ላይ ያው ጥያቄ። አጥፍቼ አበራሁት። ጥቁር መስታወቱ ላይ ነጭ ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ወረደና መጨረሻው ላይ ቆሞ፦ «ወር።»

ሰውዬው ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ለአሥራ አራቱ ገጽ የሚሆን ካርቶን አቃፊ ገዝተው ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

«እንደምን አደራችሁ? ተነሣ ወይ ማሽኑ?»

«አሁን ይነሣል ጋሼ፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሁለተኛዋ ታይፒስት ለእንቁጣጣሽ አገሯ ሄዳለች። ታላቂቱ ደግሞ ኮምፒውተሯን ከፍታ የሰርቨሩን ዶሴ ትፈልጋለች፤ ዊንዶውሱ ፈልጎ ፈልጎ አጣሁት ይላል። ፕሪንተር ቢባል እሱንም አላውቀው ይላል።

«ጋሼ፣ ምን እያለዎት ነው? ልየው እስቲ» አለችኝ።

«አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ።»

«አልሰርቀውም እኮ፤ ላየው ብቻ ነው።»

«ዐይንም እጅ አለው» አልኳት። ያኔ ቀልድ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበር። አስተማሪውን ጠራሁት። ዊንዶውስን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል፤ ሊኑክስ ሲባል ግን እንደ ሩቅ አገር ዘመድ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። መጥቶ በየኬብሉ ተንበረከከ።

«ሊንኩ አለ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ፒሲዎቹን ሪስታርት እናድርጋቸው» አለ። ሦስቱንም አደረጋቸው። ምንም። «ኔትወርክ ካርዱን ነቅለን እንስካው» አለ። ነቀልን፣ ሰካን። ምንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሰርቨሩ ራሱ ምን ይላል?» አለኝ።

«ወር ይጠይቀኛል።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ትክክለኛውን ነዋ!»

ትልቅ ሰው ነኝ፣ ቤቱም የእኔ ነው። ትክክለኛው ስንት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ብዙ ጊዜ ሳስበው ያን ቀን አንድ ባለጌ ሰው ቢመጣልኝ ኖሮ እላለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ አስተማሪው አንድ ቁም ነገር ሠራ። ፕሪንተሩን ከሰርቨሩ ነቅሎ በቀጥታ ከታይፒስቷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የሙከራ ገጹ ወጣ። ሰውዬው ከወንበራቸው ብድግ ብለው አቃፊያቸውን ከፈቱ።

«አይ፣ አባባ» አለቻቸው ታይፒስቷ ቀስ ብላ። «ፕሪንተሩ ነው እንጂ የተገኘው፣ ጽሑፉ ገና ነው።»

አቃፊውን ዘግተው ተቀመጡ።

«ሃርድ ዲስኩን እናውጣውና ዊንዶውስ ላይ እንስካው» አለ አስተማሪው። አወጣው፣ ሰካው። ዊንዶውሱ ምንም የማያውቀው ነገር ሆነበት። አስተማሪው መነጽሩን ጠረገ። «ባዶ ነው የሚመስለው። ፎርማት እናድርገውና…»

እጁን ያዝኩት። ፎርማት ማለት ማጥፋት እንደሆነ ፍሎፒ ሳጠፋ ተምሬያለሁ። «ወንድሜ፣ ባዶ አይደለም። የሰው እንጀራ አለበት። መልሰህ ክተተው።»

መልሶ ከተተው። አነሣነው። «ወር» አለ።

ታይፒስቷ ያኔ ነው ተነሥታ አጠገቤ የመጣችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ፕሪንተሩ እንደሆነ እዚህ አለ። አባባ ይንገሩኝና እኔ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ልጻፈው። ገና አምስት ሰዓት ነው» አለችኝ።

«አሥራ አራት ገጽ ከምትደግሚ አንድ ቁልፍ ይከፈታል።»

«ባይከፈትስ?»

«ይከፈታል አልኩሽ!»

ነጋዴ ኪሳራ ሲያይ ቶሎ መቁረጥ አለበት ብዬ ስንቱን መክሬያለሁ። ያን ቀን ግን ዕቃው የእኔ፣ ኪሳራው የሰው ሆነና መቁረጫዬ ጠፋኝ።

መሐንዲሱን ማግኘት ብቻ ነው የቀረኝ። ስልኩን አላውቅም፤ እኅቱ ሲኤምሲ እንደምትኖር ግን አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ መኪና ተውሶ ያደረሰኝ ቤት ነው። በዝናቡ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። መገናኛ ላይ ወርጄ ቀየርኩ። ሲኤምሲ ደርሼ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ዓይነት አጥር፣ አንድ ዓይነት በር፣ ውሻው እንኳ አንድ የሚመስል። ሦስት በር አንኳኳሁ። በአራተኛው እኅቱ ወጣች፤ የፕሮጀክቱን ቢሮ ስልክ ሰጠችኝ። ሱቅ ስመለስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ቁጥሩ ሲይዝ፣ ሲይዝ ቆይቶ አንዲት ሴት አነሣች። «መስክ ወጥቷል። ዐሥር ሰዓት አካባቢ ይገባል። ምን ልበልልዎት?»

«ወር አልቀበል አለኝ በይልኝ።»

«ምን?»

«እንዲሁ በይልኝ፤ ይገባዋል።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ሰውዬው ቆመዋል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለሶላት ወጣ ከማለታቸው በቀር ከቤቱ አልተለዩም ነበር።

«አንተ ወንድሜ፣ ደከምክ» አሉኝ። «ይብቃህ። ልጄ፣ ነይ ጻፊልኝ፤ ያስታወስኩትን ልበልሽ።»

ተቀመጠች። እሳቸው ከጀርባዋ ቆመው ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል የለቀሙት ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ እንዲመጣ ሲጠየቅ ግማሹ ጥሎ ይመጣል። አንዳንዴ ይቆማሉ፤ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሦስተኛው ቀን ላይ የገባው ጭነት ቁጥሩ… ያረቢ… መጀመሪያው ሰባት ነው። ሰባት… አይ፣ ተይው። በውሸት አልጽፍም።» ታይፒስቷ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች ትመታለች። እኔ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት እላለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሰው ሲጨንቀው የተዘጋ በር ደጋግሞ ይገፋል፤ የእኔ በር ደግሞ በጨዋ ደንብ በየጊዜው ወሩን ይጠይቀኛል።

ሦስት ገጽ ሆነ። ሰንጠረዥ የለውም። ታተመ፤ ፈረሙበት፤ ለአሥራ አራት ገጽ በገዙት አቃፊ ውስጥ ሦስቱ ገጾች ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታሉ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ «በሉ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። መሐንዲሱ ነው።

«ጋሼ! ምን ሆነብዎት?»

«ወር ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። ወር ይለኛል፣ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሚነግሩት?»

«አሥራ ሦስት።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ? ሃሎ?»

«አለሁ ጋሼ። እስከ ዛሬ… በኛ አቆጣጠር ነበር እንዴ የሚያስገቡለት?»

«በአማርኛ የጠየቀኝን በማን አቆጣጠር ልመልስለት?»

«ጋሼ፣ የፈረንጅ ዓመት አሥራ ሁለት ላይ ያበቃል እኮ። ጳጉሜ የሚባል የለውም። ዘጠኝ ብለው ይጻፉ፤ ቀን ስድስት።»

ቢሥቅብኝ ይቀለኝ ነበር። አልሣቀም። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ በአማርኛ ማድረግ አልነበረብኝም» ይላል ጭራሽ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። «ቀን» አለ። ስድስት። ዓመቱን፣ ሰዓቱን። ከዚያ ሰርቨሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ተከፈተ። ታይፒስቷ ከበስተኋላዬ «መጣ! ዶሴው መጣ!» ብላ ጮኸች። ዞሬ ፊቷን ማየት አልፈለግሁም። ከጠዋት ጀምሮ ልየው ብላ የለመነችኝ ነገር አንድ ቁጥር ነበር፤ አንድ ጊዜ ብታየው በምላሷ ጠርባኝ፣ ቁጥሩን ወዲያው ታርመው ነበር።

አሥራ አራቱ ገጽ ወጣ። ገና እንደሞቀ ይዤው ወደ መንገድ ወጣሁ፣ ኮንትራት ታክሲ አስቆምኩና «አውሮፕላን ማረፊያ፣ ንዳው!» አልኩ።

«አውሮፕላን ሊያመልጥዎት ነው እንዴ ጋሼ? ሻንጣዎ የታለ?» አለ ሾፌሩ።

«ንዳው ወንድሜ።»

የድርጅቱ በር ላይ ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጥበቃው ፈተሸኝ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ስደርስ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን እየዘጋች ነው። የሰውዬውን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

መዝገቧን ገለጠች። «ገብቷል። ሦስት ገጽ። ፈርመውበታል።»

«አዎ፣ ግን ሙሉው ይኼ ነው፤ ያኛው የችኮላ ነው።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። ዘመድ አይደለሁም፤ ጠበቃ አይደለሁም። «ያጻፉበት ቤት ነኝ» አልኳት።

አዘነችልኝ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። «ወንድሜ፣ አንድ ሰው አንድ ይግባኝ ነው የሚያስገባው። ባለቤቱ ሳይኖሩ እኔ ምን ብዬ ልቀበልዎት?» ሰዓቷን አየች። «አሥር ተኩል ሆነ።» መስኮቱን ሳበችው።

በማግሥቱ ሰውዬው መጥተው አሥራ አራቱን ገጽ ተቀበሉኝና ራሳቸው ይዘው ሄዱ። እሳቸውንም ጊዜው አልፏል አሏቸው።

እንቁጣጣሽም መስቀልም አለፈ። ጥቅምት ገባ ብሎ አንድ ጠዋት መጡና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። «ሦስት ኮፒ» አሉ። ፎቶ ኮፒው ላይ ሳስተኛው ዐይኔ ሳይወድ አነበበው። አመልካቹ በጽሑፍ ከሰጡት ገለጻ በቀር የመረካከቢያ ዝርዝር ስላላቀረቡ የመጀመሪያው ውሳኔ ጸንቷል ይላል። መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ አለፈ። ሦስቱንም ጊዜ አነበብኩት።

ስሰጣቸው፣ «ለመሆኑ ያን ቀን ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ የታመመ ሰው እንዴት ሆነ ብሎ እንደመጠየቅ ነበር አነጋገራቸው።

ታይፒስቷ መምታቷን አቆመች።

«መብራት ነው ጋሼ» አልኩ። «መብራቱ ነው የጎዳው።»

«አይ መብራት!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «አብሽር። ወላሂ አንተ ያን ቀን ያላደረግከው የለም። ልጅቱ ነግራኛለች፣ ሲኤምሲ ድረስ በዝናብ ሄደሃል። የመብራትን ነገር ማን ይችለዋል?»

ልሸኝዎት ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ። እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። እዚያ ሳንደርስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ወጣ አሉኝ። አዎ፣ ቶሎ ወጣ አልኩ። ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ ወይ አልኳቸው። አምስቱ ጀምረዋል፤ ትልቁ ሥራ እየፈለገ ነው አሉ። ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» እያለ በሩን ከፈተ። ሦስቱን ኮፒ ደረታቸው ላይ አጥፈው ያዙና ገቡ፤ በመስኮቱ እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁ።